አንደኛ ፎቅ ከየት ይጀምራል

ሳን ሆዜ ውስጥ የእንግሊዝ ቤት ገዛን። እኔ እንግሊዝ አገር ሄጄ አላውቅም፤ ቤቱም ሄዶ አያውቅም። ኤጀንቷ በሰጠችን ወረቀት ላይ ግን «ጆርጂያን ስታይል ታውንሃውስ» ተብሎ ተጽፎ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከጥቁር በር ሲወጣ ተስሎበት ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ጆርጂያንማ አውቃለሁ፤ አትላንታ ያለው የአክስቴ ልጅ ቤት ግን እንዲህ አይደለም፤ የሱ ሰፊ ግቢ አለው» አለ። ኤጀንቷ ፈገግ አለች። እኔም የገባኝ መስዬ አብሬያት ፈገግ አልኩ።

በኋላ እንደተማርኩት ጆርጂያን ማለት አንድ ዓይነት ስም የነበራቸው የእንግሊዝ ነገሥታት እየተተካኩ በነገሡበት ዘመን የተሠራ ቤት ማለት ነው። የኛ ቤት ዕድሜው ከመኪናችን ያንሳል። ሃያ አራት ቤቶች አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ሰዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ቆመዋል፤ ሁሉም ፊታቸው ቀይ ጡብ ነው፤ ጡቡ የብስኩት ውፍረት ኖሮት በሙጫ የተለጠፈ ነው። ጣሪያው ላይ የጭስ መውጫ አለ፤ ከሥሩ ምድጃ የለም። በሩ ጥቁር ነው፤ ጥቁር ካልወደድን ሌላ ጥቁር መምረጥ እንደምንችል የመንደሩ ማኅበር በደብዳቤ አሳውቆናል። ከውጭ ላየው የጌታ ቤት፣ ውስጡን ለቄስ።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በንጉሡ ዘመን ሥነ ሕንፃ እንዲማሩ ወደ ሎንደን ተልከው፣ አብዮት ሲመጣ መመለሻው ጠፍቷቸው፣ ዞረው ዞረው ካሊፎርኒያ የገቡ ሰው። ሬድውድ ሲቲ ውስጥ በአንድ ቢሮ በሌሎች ሰዎች ስም የሚወጣ ሕንፃ ሲነድፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። የሚኖሩት ኦክላንድ፣ ከቴሌግራፍ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርታማ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነበር።

ቴሌግራፍ ላይ ማኪያቶ የሚጠጣ ሐበሻ ሁሉ ስለ አጎቴ ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛው የሎንደኑ ቤት ነው። ተማሪ ሳሉ የኖሩበትን ያን ቤት ያልሰማ ካለ ትናንት ማታ በአውሮፕላን የገባ ነው፤ እሱም ነገ ይሰማል። እኔ እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣዋለሁ። ከመንገዱ ዳር የብረት አጥር አለ፤ ከአጥሩ ኋላ ከመሬት በታች ላለው ወጥ ቤት ብርሃን እንዲገባ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። የድንጋይ ከሰሉ የሚራገፈው የእግረኛ መንገዱ ላይ ባለች ክብ የብረት ክዳን በኩል ነው። ከመሬቱ እኩል ያለው የመብል ክፍል ነው። ከዚያ ደረጃው ይወጣና አንደኛ ፎቅ ይመጣል፤ እዚህ ላይ አጎቴ ስኒያቸውን ያስቀምጣሉ።

«አንደኛ ፎቅ!» ይላሉ። «መስኮቱ ከወለል ተነስቶ ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረው። ጣሪያው ላይ በልስን የተሠራ ቅጠልና ፍሬ። ከዚያ በላይ ስትወጪ መስኮቱ እያጠረ፣ እያጠረ ይሄዳል፤ ጣሪያው ሥር ገረዶቹ የሚተኙበት ጋ ሲደርስ መስኮቱ የመጽሐፍ ያህል ነው። የእንግሊዝን ቤት መስኮት ለክተሽ ማን እንደሚኖርበት ትናገሪያለሽ። ሰው የሚኖረው አንደኛ ፎቅ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ይተኛል፣ ከዚያ በታች ያለው ያበስላል።»

ሁለተኛው ነገር ጫማ ነው። አጎቴ ሰላም ከማለታቸው በፊት ጫማ ያያሉ። አንድን ሰው ሲያስታውሱ «ያ ተረከዙ በግራ በኩል የተበላው» ይላሉ እንጂ ፊቱን አያነሱም። እድሜ ጠገብ ፕሮፌሰሮች እሳቸው ያሉበት ካፌ ሳይገቡ በር ላይ ቆመው ጫማቸውን በሱሪያቸው ሲወለውሉ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁ ዕለት ኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ነበሩ። እናቴ አልቅሳ የሸኘችኝን ልጅ እቅፍ ያደርጉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ዝቅ ብለው አዩና «በዚህ ጫማ ነው አሜሪካ የመጣሽው?» አሉኝ። በማግስቱ ጫማ ገዙልኝ። ያለቻቸውን አንድ መኝታ ቤት ለኔ ለቀው እሳቸው ሶፋ ላይ ተኙ፤ ስምንት ወር ሙሉ። ያ ሶፋ አጭር ነበር፤ እሳቸው ረጅም ናቸው።

ባለፈው ክረምት ደረጃው ላይ ወደቁ። የአፓርታማው ሊፍት «በቅርቡ ይጠገናል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ወረቀቱ ራሱ ቢጫ ሆኗል። ብርቱካን ይዘው ሲወጡ ጉልበታቸው ከዳቸውና ብርቱካኑ ወደ ታች፣ እሳቸውም ከብርቱካኑ ኋላ። የእጃቸው አንጓ ብቻ ነው የተሰበረው። ሐኪሙ የሚቀጥለው ዳሌ ሊሆን እንደሚችል ነገረን። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፤ በጣም ፈራሁ። ከአባቴ ወገን የቀሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ እኛ ጋ እንዲገቡ ወሰንን። የኛ የእንግሊዝ ቤት ከኋላ ጋራዥ አለው፤ ከፊት፣ ከመግቢያው በር ጎን፣ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ክፍል አለች። አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ትላለች፤ አጠገቧ ሻወር አለ። ሳሎንና ወጥ ቤት ከሷ በላይ ናቸው፤ መኝታ ቤቶቹ ደግሞ ከሳሎኑ በላይ። ባለቤቴ ክፍሏን ቢሮ ሊያደርጋት አስቦ ነበር፤ ቀለም ቀባናት፣ ጥሩ አልጋ አስገባን፣ መያዣ ብረት ሻወሩ ውስጥ አስገጠምን። ከዚያ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ክፍልዎ ተዘጋጅቷል። አንደኛ ፎቅ ነው።»

ስኒያቸውን ሲያስቀምጡ ተሰማኝ።

«አንደኛ ፎቅ?»

«አዎ። ለርስዎ ብለን ነው እንጂ ባለቤቴ ቢሮ ሊያደርገው ነበር።»

«እናንተስ?»

«እኛማ ላይ ነን።»

«ልክ ነው፤ መኝታ እላይ ነው የሚሆነው። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው?»

«ወደ መንገድ ነው።»

«ደረጃው ግን…»

«አንድ ደረጃ ብቻ ናት ጋሼ! አንድ!»

«አንድ ደረጃማ አያቅተኝም። ቀስ እላለሁ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ።»

ለባለቤቴ «ሰው ጋራዥ አጠገብ ላለች ክፍል እንዲህ ይደሰታል?» አልኩት። «ትሑት ሰው ናቸው» አለኝ። አጎቴንና ትሕትናን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያነሳ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ መጠርጠር ነበረብኝ። በሳምንቱ ቴሌግራፍ ስሄድ ሁለት አዛውንት ከወንበራቸው ተነስተው መረቁኝ። «የወንድሜ ልጅ አንደኛ ፎቋን ለቀቀችልኝ እያለን ነው» አሉ። ምርቃቱን አጎንብሼ ተቀበልኩ። ምርቃት ሲመጣ መርምሮ የሚቀበል ማን አለ?

የመጡ ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸው ፊት እስኪያሳይ ተወልውሎ ነበር። መጀመሪያ ቤቱን ከውጭ ጎበኙ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ አጎቴ ጡቡን በጣታቸው አንኳኩ፤ ጡቡም እንደ ባዶ ካርቶን መለሰላቸው። «የተባረከ ነው» አሉ፤ «ዝናብ ሲመታው ሾርባ ይሆናል።» ከዚያ ከፎቁ ላይ ያለውን የተደፈነ መስኮት አዩት። የኛ መንደር ቤቶች ሁሉ አንዳንድ መስኮት የሚመስል፣ ግን በጡብ የተሞላ ጌጥ አላቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዲዛይን ነው መሰለኝ ጋሼ።»

«እንግሊዞች መስኮት የደፈኑት በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፍሉ ስለነበር ነው። እናንተ ደግሞ ግብሩ ሳይመጣባችሁ ብርሃኑን ሰጣችሁ።» ከልባቸው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቶ ነበር። ወደ ላይ አሻቅበው የሳሎኑን ረጃጅም ሦስት መስኮቶች ተመለከቱና አንገታቸውን ነቀነቁ፤ «እነዚያ ግን ልክ ናቸው» አሉ። «የሠራው ሰው ሁሉን ቢረሳ እሱን አልረሳም።»

ገባን። አጎቴ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው አንድ እግራቸውን አነሱ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው? ክፍልዎ ይኸውና» አልኩና በሩን ከፈትኩላቸው።

እግራቸውን መልሰው አወረዱ። ክፍሏን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አንደኛ ፎቅ አላልሽም?»

«ይሄ እኮ ነው አንደኛ ፎቅ።»

«ይሄ ምድር ቤት ነው።»

«እዚህ አገር ከመሬት ነው የሚቆጠረው ጋሼ! ስንት ዓመትዎ ነው እዚህ?»

«መሬት ፎቅ አይባልም» አሉ ቀስ ብለው፤ «መሬት መሬት ነው።»

ያኔ ገባኝ። እኔም አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አንደኛ ፎቅ ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት መሆኑን ጡጦ ሳልጥል ነው ያወቅሁት። አሥራ አንድ ዓመት አሜሪካ ኖሬ ቁጥሬ ተበላሽቷል። «አንድ ደረጃ» ስላቸው እሳቸው ከታች እስከ ላይ ያለውን ሙሉውን ደረጃ ነው የሰሙት፤ እኔ ግን ያቺን የአንድ ስንዝር መውረጃ ነበር ያልኩት። አዲስ አበባ ቢሆን ከጋራዥ አጠገብ ያለች፣ ዝቅ ያለች፣ የራሷ ሻወር ያላት ክፍል ስሟ የታወቀ ነው፤ ሰርቪስ ይባላል። የአባቴን ታላቅ ወንድም ሙሉ ልብስ አስለብሼ ከኦክላንድ አምጥቼ ሰርቪስ አስገባኋቸው።

አልጋው ላይ ተቀመጡ። ከመስኮቱ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው የሚታየው እግር ብቻ ነው። አንድ የስፖርት ጫማ አለፈ፤ ከሱ ኋላ አንድ ውሻ፤ ውሻው ብቻ ሙሉ በሙሉ ታየ። አጎቴ ጫማው እስኪያልፍ አዩትና «ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ።

አጎቴ «ጥሩ ነው» ካሉ ጥሩ አይደለም። ጥሩ ሲሆን ይሳደባሉ። ሻንጣቸውን አልከፈቱም። ምሳ ቀርቦ ሁለት ጊዜ ጎርሰው መድኃኒት ረስቻለሁ፣ ኦክላንድ መልሺኝ አሉ። ሻንጣውንም ይዘው ወጡ፤ መድኃኒት ለማምጣት ሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰው።

መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። እኔ መሪውን ጨብጬ በሆዴ እነታረካለሁ። ቀለሙን ራሴ ነው የቀባሁት! መያዣ ብረቱን ሦስት ጊዜ ነው ያስቀየርኩት! ሰው ለፎቅ ቁጥር ብሎ ዳሌውን ይሰብራል? አፓርታማቸው ስንደርስ ሊፍቱ ላይ ያ ቢጫ ወረቀት አለ። ሻንጣውን ተሸክሜ ከኋላቸው ወጣሁ፤ በየአምስት ደረጃው ይቆማሉ። ልክ በሩ እንደተዘጋ ፈነዳሁ።

«ጋሼ፣ ክብር ነው የሚገድልዎት! ይሄው፣ ይሄ ደረጃ ይጣልዎት! የሎንደኑ ቤት፣ የሎንደኑ ቤት፣ የሎንደኑ ቤት! እኔ የሎንደን ሳሎን ከየት አመጣለሁ? ሁሉም ሰው እንደርስዎ ቤተ መንግሥት የሚመስል ክፍል ተከራይቶ አልተማረም!»

እንደዚህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«እኔ የነበርኩት ታች ነው» አሉ።

«የት ታች?»

«የዱሮው ወጥ ቤት። ባለቤትየዋ አከፋፍላ ታከራየው ነበር። አንደኛ ፎቁ የሷ ነበር። ሁለት ጊዜ አስገብታኛለች፤ አንዴ አምፖል ልቀይርላት፣ አንዴ ሸክም ላወጣላት። የጣሪያውን ቅጠል ያየሁት መሰላል ላይ ሆኜ ነው።»

ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«አራት ዓመት ነው። መስኮቷ ጉድጓዱ ውስጥ ነች፤ ቀና ስትዪ አጥሩ፣ ከአጥሩ በላይ መንገዱ። የሰው ፊት አይታይም። እኔ ያቺን ከተማ በጫማ ነው የማውቃት። ጠዋት የሚሄደውን፣ ማታ ሰክሮ የሚመለሰውን፣ ሁሉንም በጫማው ነው። ወደ ቤት ደብዳቤ ስጽፍ ግን አንደኛ ፎቅ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። አባትሽ ለሰፈሩ ሁሉ አነበበው። ከዚያ በኋላ እንዴት ልውረድ?» እጃቸውን ወደ በሩ፣ ወደ ደረጃው ዘረጉ። «ይሄን ቤት ስከራይ ምን ያየሁ ይመስልሻል? የመጨረሻው ፎቅ መሆኑን ብቻ ነው ያየሁት። ልጄ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት ከዚያች ክፍል ለመውጣት ነው። ለመሞቻዬ መልሰሽ አታውርጂኝ።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ ቤት በተነሳ ቁጥር ዓይኔን ሳንከባልል ኖሬያለሁ። ባለቤቴን በጠረጴዛ ሥር በእግሬ ስነካካ፣ «ጣሪያው ጋ ደርሰዋል፣ ሒሳብ አስመጣ» ስለው ኖሬያለሁ። በጫማው ቀልድ ሰው ሳስቅበት ኖሬያለሁ። አፈርኩ። ይህ ሰው ያለውን አንድ መስኮት ለኔ ሰጥቶ ሶፋ ላይ ተኝቷል፤ እኔ ደግሞ ሦስት ፎቅ ቤት ኖሮኝ እግር የሚያሳይ መስኮት ሰጠሁት። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። ይቅርታ ለማለት ነበር፤ እሳቸው ግን «ተነሺ፣ ጉልበቴን ያምመኛል» አሉኝ።

የዚያን ሳምንት ባለቤቴ ትልቁን ቴሌቪዥን ወደ ታች አወረደ። ኳስ የሚያየው አሁን ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ እንግሊዞች ሲጫወቱ ቢያንስ ጫማ በቅርብ ይታየዋል። ሳሎናችን የአጎቴ ሆነ። አልጋቸው ከመጽሐፍ መደርደሪያው ኋላ፣ ወንበራቸው ከመካከለኛው ረጅም መስኮት ፊት ነው። ደረጃው ላይ በሐዲድ የሚወጣና የሚወርድ ወንበር አስገጠምን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡበት እየዘፈነ የሚሄድ ማሽን ላይ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ ግራና ቀኝ ሳያዩ ነው የወጡት። «ለእንግሊዝ ቤት አይመጥንም» አሉ ላይ ሲደርሱ፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ረሳሁ ብለው ወረዱ። በዚያ ቀን ስድስት ጊዜ አንድ ነገር ረስተዋል።

የመንደሩ ማኅበር ደብዳቤ ላከ። ከመንገድ የሚታዩ መስኮቶች ሁሉ ነጭ መጋረጃ ሊኖራቸው ይገባል፤ የኛ መካከለኛ መስኮት መጋረጃ የለውም፤ በተጨማሪም በውስጡ አንድ ሰው ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ይታያል። አጎቴ አራት ገጽ መልስ ጻፉ። መስኮት ምን እንደሆነ፣ ለምን ከወለል እንደሚነሳ፣ መጋረጃ በምን ዘመን በምን ምክንያት እንደመጣ፣ የጡባቸው ውፍረት ስንት እንደሆነ ጭምር። ማኅበሩ እስከ ዛሬ አልመለሰም።

የምሠራው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስመለስ ጫማዬ ላይ ምንነቱን የማላውቀው ነገር ፈስሶበት፣ ማሰሪያውም ተበጥሶ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ቁልፍ ስፈልግ ከላይ መስኮቱ ሲከፈት ሰማሁ። በልማድ አንዱን ጫማ ከሌላው ኋላ ደበቅሁ።

«ልጄ!» አሉ፤ ሃያ አራቱም ቤት ሰምቷል። «አናትሽ ሸብቷል እኮ! መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»

ቀና አልኩ። ሁለት እጃቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው፣ ሙሉ ሰው ሆነው፣ ቁልቁል ያዩኛል።

«ጫማዬንስ አላዩትም?» አልኳቸው።

«ከዚህ አይታይም» አሉ።